የጉማን ሲንግ ዝላይ በእማማ ኩሮዳ ጣሪያ ላይ

ኦሳካ ውስጥ፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር መስኮቱ በሚንቀጠቀጥ አሮጌ የእንጨት ቤት፣ ፎቁ ላይ፣ ጉማን ሲንግ ከእኔ ክፍል አጠገብ ይኖራል። እንደኔው ኔፓላዊ ነው። የምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ስለሆነ ሸሚዙ ታጥቦም ከሙን ከሙን ይሸታል። አገሩን ትቶ ሲመጣ ልጁ ጁኒ ገና ግድግዳ ይዛ ነበር የምትቆመው። አሁን ትምህርት ቤት ልትገባ ነው።

ዘንድሮ ለሚስቱና ለልጁ የመኖሪያ ፈቃድ አመለከተ። የቀረው የቤቱ ባለቤት ስምምነት ብቻ ነበር። ያለ ባለቤቷ ያለ እማማ ኩሮዳ ማኅተም ሁለቱም አይመጡም። አብረን እሳቸው ወደሚኖሩበት ምድር ቤት ወረድን።

«ልጅ ይሮጣል» አሉ እማማ፣ ሻይ እየቀዱልን። «ጣሪያዬ ላይ ፈረስ አላኖርም።»

«ልጄ ቀላል ናት እማማ። እንደ ድመት ናት።»

«ድመትማ በውላችን ክልክል ነው።»

ሳቄን ከሻዩ ጋር ዋጥኩት። ጉማንን ግን ላብ አጠመቀው።

«እንግዲያው አሰማኝ» አሉ። «ውጣና እንደ ልጅህ ዝለል። እኔ እዚሁ ሆኜ አዳምጣለሁ።»

ወጣ። አንጋጠን ጠበቅን። ምንም የለም።

«ተኛ እንዴ?» አሉ እማማ።

ወደ ደረጃው ሄጄ በቋንቋችን ተጣራሁ። «ዳይ! ወንድሜ! ምን ሆንክ?»

«እንዴት እንደምትዘል አላውቅም እኮ! በስልክ የማየው ፊቷን ብቻ ነው!»

እማማ ምን እንዳለ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ኩባያቸውን ቀስ አድርገው አስቀመጡ።

ከዚያ ድምፁ መጣ። ዱብ፣ ዱብ። ጥቂት ዝም። ደግሞ ዱብ፣ ዱብ፣ እግር ገጥሞ፣ እግር ከፍቶ። አምፖሉ ተወዛወዘ። የእማማ ጣት ጠረጴዛውን እየመታ ምቱን ተከተለ፤ ከንፈራቸው መቁጠር ጀመረ፤ ድንገት ፊታቸው ቀላ።

እማማ ራሳቸው በየማለዳው ሬዲዮናቸውን ከፍተው የሚሠሩት ስፖርት ነበር! ከጣሪያቸው በላይ የተኛው ሰው ሙዚቃውንና ዝላያቸውን በወለሉ በኩል ሰምቶ ሰምቶ፣ ሳያያቸው ሙሉውን አጥንቶታል። ሰው ጎረቤቱን በእንጨት ውስጥ እንዲህ ማወቅ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ጉማን እያለከለከ ወረደ።

«ለካ ትሰማኛለህ!»

«ትንሽ ትንሽ፣ እማማ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ካቆሙ የሚቀሰቅሰኝ አጥቼ ሥራ እንዳላረፍድ ብዬ ነዋ።»

እማማ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ። ከዚያ መሳቢያቸውን ሳቡና ማኅተሙን አወጡ። «መጨረሻው ላይ ትቸኩላለህ» አሉት፣ በማኅተሙ ቀዩን ቀለም እየነኩ።

ጁኒ ከእናቷ ከፉልማቲ ጋር በመጣች ማግስት እማማ ሬዲዮናቸውን ይዘው ግቢ ወጡ። ሁላችንም ተሰለፍን። ጁኒ ከሙዚቃው ቀድማ፣ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ወርውራ ዘለለች።

«ይቺም ችኩል ናት፣ ቁርጥ አባቷን!» አሉ እማማ።

ጉማን አልዘለለም። ቆሞ እንዴት እንደምትዘል ያይ ነበር።