የአባዬ ረዳት

የእህቴ ባል መጥፎ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ። አይደለም። ሳይጠሩት ይነሳል፣ ሳይለምኑት ይሸከማል፣ አባዬን ደግሞ «እርስዎ» እያለ ነው የሚያናግረው። እኔና እህቴ አፋችንን ከፈታን ጀምሮ «አንተ» እያልነው ስላደግን አባዬ በገዛ ቤቱ «እርስዎ» የሚለው ሰው አልነበረውም። አሁን አማች መጣለትና ተከበረ። ድምፁ ጎርናና ነው፤ ምሳ በላችሁ ወይ ሲል መንደሩ በሙሉ ይሰማል። ያም ሆኖ አባዬ እሱ ሲያወራ ፊቱ ይፈታል። እኔ ቅናት መደበቅ አልችልበትም፤ እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «የዚች ልጅ ሆድ ግንባሯ ላይ ነው» ትል ነበር።

አባዬ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። የራሴ የሚላት አንዲት አሮጌ የቤት መኪና አለችው፤ ጉለሌ ካለው ግቢያችን ቁስቋም ማርያም የምታደርሰው እሷ ናት። ያ ዳገት አይምርም። ክረምት ባበላሸው መንገድ በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቁ ሲወጡ ሞተር ይግላል፣ ራዲያተሩ ካልታመነ መሀል መንገድ ላይ እንፋሎት እየተፉ መቆም ነው። ስለዚህ በየዓመቱ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ የኅዳር ቁስቋም ሳይደርስ፣ ራዲያተሩ ውስጥ ያለውን አሮጌ ኩላንት፣ ሞተር የሚያቀዘቅዘውን ፈሳሽ፣ አስወጥቶ፣ በውሃ አጥቦ፣ አዲስ ይሞላል። ጋራዥ አይወስዳትም። «ገላዋን ሰው አያጥብልኝም» ይላል።

ረዳቱ እኔ ነበርኩ። ወንድ ልጅ ስላልነበረው አይደለም፣ ስለምወድ ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ ኮፈኑን እንከፍታለን፤ እሱ የራዲያተሩን ክዳን ይፈታል፣ እኔ ከሥር ገብቼ ማፍሰሻውን እፈታለሁ። አሮጌው ሳፋ ላይ ይወርዳል። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ቀድመን በበርሜል ባጠራቀምነው፣ የሚወርደው ጥርት እስኪል ደጋግመን እናጥባለን። አዲሱን ከሞላን በኋላ ክዳኑን ሳንገጥም ሞተሩን እናስነሳለን፣ ውስጥ የቀረ አየር እንዲወጣ።

ለእኔ ዋናው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ኮፈኑ አጠገብ ይቆምና «ዝም በሉ» ይላል። ግቢያችን ውስጥ ያሉት ተከራዮች ሬዲዮናቸውን ይቀንሳሉ፣ እህቴ ሳህን ማጠቧን ታቆማለች። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ የራዲያተሩ ፋን በራሱ ጊዜ ይነሳል፤ እሱ ከተነሳ ውሃው በትክክል እየዞረ ነው ማለት ነው። ፋኑ ሊነሳ ሲል ደግሞ ቀጭ የምትል ድምፅ አለች። እሷን ከአባዬና ከእኔ በቀር የሚሰማት የለም። «ሰማሽ?» ይለኛል። «ሰማሁ» እለዋለሁ። በቃ፣ ሥራው አለቀ ማለት ይሄ ነው።

እህቴ ከፋሲካ በኋላ አገባችና ባሏን ይዛ አባዬ ቤት ገባች። እኔ ሸጎሌ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ብቻውን ከሚሆን ይሻላል አልኩ፣ በአፌ። ከዚያ ወዲህ ስደውልለት ግን ሁለት ቃል ሳንነጋገር «ኔትወርኩ አስቸገረ፣ እህትሽን ላገናኝሽ» ማለት አመጣ። በፊት ስለ አንድ የነዳጅ ሰልፍ ብቻ ግማሽ ሰዓት የሚያወራኝ ሰውዬ። እህቴ ስልኩን ስትቀበለው ከኋላ የባሏ ድምፅና የአባዬ ሳቅ ይሰማኛል። ለእሱ ጊዜ ኔትወርኩ ሰላም ነው ብዬ ስልኩን ዘግቼ አልቅሻለሁ፣ ምን ይደበቃል።

ዘንድሮ መስቀል ባለፈ ቅዳሜ፣ ማንም ሳይጠራኝ፣ በጠዋት ከሸጎሌ ታክሲ ይዤ ሄድኩ። የግቢውን በር ስገፋው ኮፈኑ ተከፍቷል። ከመኪናዋ ሥር ሁለት እግር ወጥቷል። እግሮቹ የለበሱት ሰማያዊ ቱታ የኔ ነው። አባዬ አዲሱ ገበያ ወስዶ፣ አስለክቶ የገዛልኝ ቱታ። ለእህቴ ባል አጥሮት ቅልጥሙ ላይ ቀርቷል።

«መጣሽ?» አለ አባዬ። «ጎሽ፣ ውሻውን ያዢልን እስቲ።»

ኩላንት ይጣፍጣል፤ ውሻ ከላሰው ይሞታል። ስለዚህ ሁሌም አንድ ሰው ውሻውን መያዝ አለበት፣ ያ ሰው ደግሞ እህቴ ነበረች፣ ሌላ ነገር ስለማታውቅ። አሁን እሷ ቤት ውስጥ ቁርስ ትሠራለች፣ እኔ በር ላይ የውሻ አንገት ጨብጬ ቆሜያለሁ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የኔ ጉድ ከጠባም በኋላ አልለቀቀኝም።

«ወደ የት ነው የሚፈታው አባባ?» አለ ሰውዬው ከሥር፣ በዚያ ድምፁ።

«ወደ ግራ ነው፣ ረዳቴ» አለው አባዬ።

ረዳቴ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዋጥኩት።

አሮጌው ወረደ፤ እንደ ሻይ ቀልቷል። ውሃ ጨመሩ፣ አፈሰሱ፣ እንደገና ጨመሩ። ሰውዬው የሚያፈሰውን ግማሹን ቱታዬ ላይ ነው የሚያፈሰው። አጥበው ሲጨርሱ ሳፋውን በጣውላ ከደኑት፣ አዲሱን ሞሉ፣ ሞተሩን አስነሱ። ሰውዬው የመኪናዋን ሂተር፣ የውስጥ ማሞቂያውን፣ መክፈት ረስቷል። ሳይከፈት ከቀረ አየር ውስጥ ይቀራል፣ ዳገቱ ላይም ታዋርዳቸዋለች። እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ዝም አልኩ፤ ታዋርዳቸውና አባዬ ማን ረዳቱ እንደነበረ ያስታውስ ብዬ። ግን መኪናዋ የአባዬ ናት። «ሂተሩን ክፈተው» አልኩት። «እውነትሽን ነው እትዬ፣ ተባረኪ» ብሎ ከፈተው። መልሶ እንኳ አይሰድብም፣ ይሄ ነው የሚያናድደው።

አባዬ እንደ ድሮው ኮፈኑ አጠገብ ቆሞ ዓይኑን ጨፈነ። «ዝም በሉ» ግን አላለም። የተከራዮቹ ሬዲዮ ይጮኻል፣ ከኩሽና ሳህን ይንኳኳል። የኛን ነገር እንኳ ለዚህ ሰውዬ ሲል ተወው ብዬ ውሻውን አጥብቄ ስይዘው ጮኸብኝ።

ቆየን። ቀጭ አለች። ፋኑ ተነሳ። እኔ በር ላይ ሆኜ ሰማሁት። ሰውዬው ምን እንደሚጠበቅ አያውቅም፣ አባዬን ያያል። አባዬ ዓይኑን እንደጨፈነ «ገና ነው» አለ።

ፋኑ ዞሮ ዞሮ አቆመ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ተነሳ።

«ገና ነው» አለ አባዬ።

ውሻውን በሩ ላይ አሰርኩትና ሄድኩ። ከጀርባው ቆሜ «አባዬ» አልኩት። አልዞረም። «አባዬ» አልኩ ደግሜ። የኔ ድምፅ ቀጭን ነው፣ የእናቴን ነው የወረስኩት። ፋኑ አፍንጫው ሥር ይጮኻል፣ ሴት ልጁ ጀርባው ላይ ቆማ ትጠራዋለች፣ እሱ ፋኑ እስኪነሳ ይጠብቃል። ኔትወርኩ ምንም እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

ትከሻውን ነካሁት። ዓይኑን ከፈተ፣ ፊቴን አየ። ሆዴ ግንባሬ ላይ ነውና እንደገባኝ ወዲያው አወቀ። መጀመሪያ ቁጣ ቁጣ አለው፣ ከዚያ ተወው።

«አለቀ እንዴ አባባ?» አለ የእህቴ ባል።

«አላለቀም» አልኩት እኔ። «አንተ ግን ቱታዬን አውልቅና ውሻውን ያዝ።»

ቱታውን እያወለቀ ወደ በሩ ሄደ። አባዬ እስኪርቅ በዓይኑ ሸኘው። የሚያንሾካሹክ መስሎት ነው እንጂ ተከራዮቹም ሳይሰሙት አልቀሩም፤ «እሱ እኮ በፊት እንዴት እሰማ እንደነበር አያውቅም» አለኝ። «አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

ስንት ወር ሙሉ ስቀናበት የነበረው ቦታ የማያውቅ ሰው ቦታ ነው ለካ። እጁን ያዝኩና ከፋኑ ጀርባ፣ ጣት በማይደርስበት ርቀት፣ ሞቃቱ ነፋስ የሚወጣበት ላይ አደረግኩለት። መዳፉን ዘረጋው። ነፋሱ የሸሚዙን እጀታ አርገበገበው። እንደ ድሮው ዓይኑን ጨፈነ።

«ሰማሽ?» አለኝ።

ሰማሁ ልለው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ዓይኑን እስኪገልጥ ጠብቄ፣ ራሴን ነቀነቅኩለት።