የማያልቀው ኮሌታ

ሠራተኞቿ ከኋላዋ «እትዬ ብጣሽ» ይሏታል። መባሏን ታውቃለች፤ ደስ ይላታል እንጂ አይከፋትም። እሷ ዘንድ ከሸሚዝ የተረፈ ጨርቅ ኪስ ይሆናል፣ ከኪስ የተረፈው ትራስ ውስጥ ይገባል፣ ለትራስ ያልበቃው ለጋራዥ መካኒኮች የእጅ መጥረጊያ ሆኖ በኪሎ ይሸጣል። ወለሉን የሚጠርግ ሰው ክር እንጂ ጨርቅ አያገኝም። የሌሎች ስፌት ቤቶች ሲከፈቱና ሲዘጉ የእሷ እየሰፋ የሄደው በዚህ ነው፤ ለጠየቃት ሁሉ ይህንኑ ስትናገር ሰልችቷት አያውቅም።

ሥራው የተጀመረው በእናቷ መኝታ ቤት፣ አልጋውን ወደ ግድግዳ ገፍተው፣ በአንዲት የእግር ስፌት መኪና ነበር። እናትየው ሲደክማቸው እሷ ትቀመጣለች፤ እሷ ሲደክማት እናትየው ይመለሳሉ፤ ወንበሩ አይቀዘቅዝም። መጀመሪያ የጎረቤት ልጆች ዩኒፎርም ሰፉ፣ ቀጥሎ የአንድ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ የሌላውም። ከመኝታ ቤቱ ወጥተው ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ክፍል ተከራዩ፤ ጨርቁ ዘይት ዘይት እንዳይሸት በአንሶላ ይጠቀልሉት ነበር። ዛሬ ፎቅ ላይ ሰፊ አዳራሽ አላት፤ አርባ መኪና ባንዴ ሲነሳ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ሥራውንም ከፋፍላዋለች፤ አንዷ እጅጌ፣ አንዷ ኪስ፣ አንዷ ቁልፍ። ኮሌታውን ግን ማንም አልደፈረውም፤ የእናትየው ነው። ከመስኮቱ ሥር፣ ብርሃኑ ደህና በሚገባበት፣ የራሳቸው መኪና አለቻቸው። «የሸሚዝ ፊቱ ኮሌታው ነው፤ ፊት ደግሞ ለማንም አይሰጥም» ይላሉ።

ዓይን ግን ባለቤቱን ሳያማክር ይደክማል። አንድ ቀን ዩኒፎርም ከሚሰፉላቸው ትምህርት ቤቶች የአንዱ ዳይሬክተር አንድ እስር ሸሚዝ መለሰችና ስልክ ደወለች። ብጣሽ እስሩን ፈታ አየችው። የኮሌታው አንዱ ጫፍ ወደ ሰማይ፣ አንዱ ወደ መሬት ያያል። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። ሸሚዙን ከጀርባዋ ደብቃ ወደ መስኮቱ ሄደች።

«እማዬ፣ እስኪ አሁን እንኳ ትንሽ አርፈሽ…»

«ማረፉንማ መቃብር ውስጥ እንደርስበታለን» አሉ እናትየው ቀና እንኳ ሳይሉ። «ይልቅ ያንን ነጭ ክር አቀብዪኝ።»

አቀበለቻቸው። መናገር የነበረባት ያን ጊዜ ነበር። ለደንበኛ፣ ለአከራይ፣ ለቀረጥ ሰብሳቢ የማይበገረው ምላሷ እናቷ ፊት ሲደርስ ተሳሰረ።

ስለዚህ ዘዴ ፈለገች። እናትየው ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ሲሄዱ፣ የሰፏቸውን ሠላሳ ኮሌታዎች አንዲት ልጅ እግር ሠራተኛ ትተረትራለች፤ ሌላዋ ደግማ ትሰፋለች። ግን ሁለቴ የተሰፋ ኮሌታ ላይ የፊተኛው መርፌ ቀዳዳ ይታያል፤ ለገበያ አይሆንም። በየቀኑ ሠላሳ ኮሌታ ሊጣል ነው! ብጣሽ ይህን እያየች እንቅልፍ ሊወስዳት? አሰበች፣ አሰበችና አገኘችው። ለደንበኛ የሚሄደውን ሌላ ሰው ከአዲስ ጨርቅ ይሰፋዋል፤ የተተረተሩት ሠላሳዎቹ ደግሞ በካውያ ተተኩሰው፣ ተደርድረው፣ ጠዋት እናትየው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። እሳቸው ይሰፋሉ፣ ልጅቷ ትተረትራለች፤ እንደገና ይሰፋሉ፣ እንደገና ትተረትራለች። አንዲት ብጣሽ አትባክንም።

«እትዬ፣ ነውር አይሆንም?» አለቻት ተርታሪዋ በመጀመሪያው ቀን።

«ምኑ ነው ነውሩ? እሳቸው ደስ ብሏቸው ይውላሉ፤ አንቺም ደሞዝሽን ታገኛለሽ።»

ወራት እንዲህ አለፉ። እናትየው እየዘፈኑ ይሰፋሉ፤ አመሻሹ ላይ ቤት ስትገባ «ዛሬም ሠላሳ ጨረስኩልሽ» ይሏታል፤ እሷም «እጅሽ ይባረክ» ትላለች። ስትል ዓይናቸውን አታይም።

ዓይን ቢደክም ጣት አለ። «ልጄ» አሏት አንድ ጠዋት፣ «ይሄ ነጋዴሽ እያታለለሽ ነው። ጨርቁ ሁሉ ወንፊት ሆኗል፤ ቀዳዳ ነው።»

ብጣሽ ኮሌታውን ከእጃቸው ተቀበለች። አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች፤ «አዎ እማዬ፣ ጨርቁ ዘንድሮ ተበላሽቷል።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ማደርም አላስፈለገው። እናትየው ልጃቸው ስትበደል አይተው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። በማግስቱ ከሥራ ሲወጡ ወደ ጨርቅ ነጋዴው ሱቅ ጎራ ብለው ደንበኞቹ ፊት በስድብ አጠቡት። ሲመለሱም በመንገዱ ያሉትን ልብስ ሰፊዎች አንድ ባንድ እየጠሩ «ከዚያ ሰውዬ እንዳትገዙ፤ ብል የበላውን ነው የሚሸጠው» አሉ። ሁለት ሰፊዎች እውነትም መግዛት አቆሙ።

ነጋዴው ጨዋ ሰው ነው። ያን ዕለት አልመለሰላቸውም፤ ነገር ግን በሦስተኛው ቀን አንድ ጣቃ ጨርቅ ተሸክሞ፣ ደረጃውን እያለከለከ ወጣና አዳራሹ መሀል ቆመ። መኪኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ።

«እማማ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ለልጅዎ የምሰጠው ይህንን ነው። ያው ሙሉ ጣቃ፤ ራስዎ ይዳስሱት» አለና ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋው።

እናትየው ዳሰሱት። ልስልስ ያለ፣ ደህና ጨርቅ ነው። ከሠላሳዎቹ አንዱን ኮሌታ አንስተው ደግሞ እሱን ዳሰሱ። ያው ጨርቅ ነው። ቀዳዳዎቹን ግን ጣታቸው ተከትሎ ዳር ዳሩን ሄደ፤ ቀዳዳው ብል እንደበላው የተበተነ አይደለም፤ እንደ ስፌት መስመር ይዟል፤ ከመስመሩ አጠገብ ሌላ መስመር፣ ከዚያም ሌላ። ተርታሪዋ ልጅ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ብጣሽ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አርባ ሴት እሷን ያያል፤ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግባት።

አልተናገረችም። የተናገሩት እናትየው ናቸው።

«ይቅር በለኝ ልጄ» አሉት ነጋዴውን፣ ከወንበራቸው ወርደው እግሩ ሥር ጎንበስ ብለው። «ጥፋቱ የእኔ ነው። አርጅቼ ጣቴ ደንዝዞ ነው፤ በከንቱ ስምህን አጠፋሁት። ሰፊዎቹ ዘንድ እኔው ራሴ ሄጄ እመልስልሃለሁ።»

ነጋዴው ደንግጦ «ኧረ እማማ፣ ምን ቁርጥ አርጎኝ!» ብሎ ሊያነሳቸው ጎንበስ አለ። እሳቸው ቆመው ነጠላ ጫማቸውን ፈለጉ። ልጃቸው ይቅርታ የምትጠይቅበት ሰዓት ያለፈው እንዲህ ነው፤ እናቷ በስሟ ሲዋረዱ ቆማ እያየች።

ብጣሽ ተከትላቸው ወጣች። እያንዳንዱ ሰፊ በር ላይ እናትየው ቆመው «ተሳስቼ ነው፤ ጨርቁ ደህና ነው» አሉ፤ ብጣሽ ከኋላቸው አንገቷን ደፍታ ቆመች። ቤት ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ነው እናትየው አፋቸውን የከፈቱት።

«ስፌቴ መጣመሙን መደበቅሽ አልከፋኝም። አዝነሽልኝ ነው፤ እናት ነኝና ይገባኛል።» የጣታቸውን ጫፍ አሻሹ። «ያንኑ መልሰሽ መላልሰሽ የሰጠሽኝ ግን… ጨርቅ ሰስተሽብኝ ነው?»

«አይደለም» ልትል አፏን ከፈተች። እንዳይከፋቸው ብዬ ነው፣ እንዳያውቁ ብዬ ነው፤ ምክንያት ሞልቷል። ግን አዲስ ጨርቅ በየቀኑ ብታቀርብላቸውም እኮ አያውቁም ነበር። ይህንን ራሷ እያወቀች ምኑን ትበል?

«አዎ፣ እማዬ» አለች። 

እናትየው ራሳቸውን ነቀነቁና ጋደም አሉ።

ከዚያ ወዲያ ስፌት ቤቱን አልረገጡም። መስኮቱ ሥር ያለችውን መኪና ማንም አይነካትም፤ ሠራተኞቹም «እማማስ?» ብለው አይጠይቁም፤ ያለመጠየቃቸው ነው ብጣሽን የሚያቃጥላት። በሳምንቱ ከመጋዘኗ ውስጥ ከሁሉ ውዱን ጨርቅ መርጣ፣ ሳይቆረጥ፣ ሙሉውን ጣቃ ተሸክማ ቤት ገባች።

«ያንቺ ነው፣ እማዬ። የፈለግሽውን ስፊበት፤ ካልፈለግሽም ዝም ብለሽ አስቀምጪው።»

እናትየው አመሰገኑ። ጣቃውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩትና ጫፉን ፈቱት። ከዚያ፣ ቀስ ብለው፣ ከዳር እስከ ዳር በጣታቸው ይዳስሱት ጀመር። ብጣሽ «አዲስ ነው» ልትላቸው ፈለገች፤ በምን አፏ? ቆማ ጠበቀች፣ ጣታቸው እስኪጨርስ።