ጥርሱን የቦረሸው ጅብ

ለስደተኛ ወላጆች በተዘጋጀው ስልጠና ላይ ልጅ ሳያስከትል የሚመጣው ይህ ሰውዬ ማንን ሊያሳድግ ነው? የአገሩ ልጅ የሆነውን የበሩን ጥበቃ ሁሌም ይገርመዋል። ሰውዬው ሌሊቱን ዳቦ ሲጋግር አድሮ፣ የልብሱን ዱቄት እንኳ ሳያራግፍ ከች ይላል።

ዛሬ በእረፍት ሰዓት ደረጃው ላይ ተቀምጦ ስልኩን ከፈተ። አሁን ምሽት በሆነበት አገር፣ አያቷ ዘንድ የቀረች ልጁ የመኝታ ተረት ፈልጋ ደውላ ነው። ባለፈው ቢቆጣት ወር ሙሉ አኩርፋው ነበር። አሰልጣኟ ደግሞ ዛሬ፣ «ልጅ አታስፈራሩ» ብላለች።

«ከዚያማ አያ ጅቦ ፍየሏ ዘንድ መጣና...» ብሎ ደንገጥ አለ። «ጥርሱን ቦርሾ ተኛ።»

«አባዬ ደግሞ! ሳይበላት?»

«ከቦረሸ በኋላማ አይበላም!»

ጥበቃው ሳቁን በመዳፉ አፈነ። ልጅቷ ግን ተንከተከተች።

«በል አንተ ተኛ፤ እኔ ልጨርስልህ።»

«እሺ እናቴ።»

የእሷ ጅብ ገና አፉን ሳይጉመጠመጥ፣ ልክ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ አባትየውን ግድግዳ እንደተደገፈ እንቅልፍ ይዞት ሄደ።