የአ-ቾይ የመጨረሻ ቃል

ሳጅን ፉንግ ሂንግ-ሎይ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነበር። ለሰባት ሳምንት በቆየው ቀረጻ ስሙ የተጻፈበት ወንበር ቢሰጠውም፣ ሲቀመጥበት ያየሁት ሁለቴ ብቻ ነው። ከካሜራው ጀርባ ይንጎራደዳል። ሲጋራ ይለኩስና ሳያጋምሰው ይረግጠዋል። ምሳውን እንኳ የሩዝ ሣጥኑን በእጁ ይዞ እየዞረ ነበር የሚበላው። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሠላሳ ሁለት ዓመት በፖሊስነት አገልግሎ ጡረታ ሲወጣ ነው የፊልማችን አማካሪ የሆነው።

እኔ ቀረጻ ላይ መዝገብ ያዥ ነኝ። ተዋናዩ ሽጉጡን በየትኛው እጁ እንደያዘ፣ ደሙ ሸሚዙ ላይ የቱ ጋ እንደነበር የምጽፈው እኔ ነኝ። እንዲህ ያለውን የፖሊስ ፊልም አሥራ አራት ጊዜ ሠርቻለሁ፤ ወይም አንዱን ፊልም አሥራ አራት ጊዜ። አለቃው ጠረጴዛ ይደበድባል፣ መርማሪው መታወቂያውን ወርውሮ ይወጣል፣ ብቻውን ወደብ ያለ መጋዘን ገብቶ ሠላሳ ሰው ይጥላል። ከዳተኛው መነጽር ያደረገው የበላይ መኮንን ነው። ወጣቱ ባልደረባ ደግሞ እሑድ ሊያገባ ዓርብ ይሞታል።

ፉንግ መጀመሪያ ላይ ይስቅ ነበር።

"ዳይሬክተር ቻም፣ ይሄ ሽጉጥ እኮ የሚጎርሰው ስድስት ጥይት ነው" አለ በሁለተኛው ቀን።

"ፉንግ ሰር፣ ተመልካች አይቆጥርም።"

"እኔ ቆጥሬያለሁ" አልኩ። "አሥራ ዘጠኝ ተኩሷል።"

"አንቺን ደግሞ ማን ጠየቀሽ!" አለኝ ቻም፤ ሁላችንም ሳቅን፣ ጥይቱም አሥራ ዘጠኝ ሆኖ ቀረ።

በአምስተኛው ሳምንት የባልደረባው ሞት የሚቀረጽበት ቀን ደረሰ። ጠዋት የዕለቱን ገጾች አደልኩ። ቦታው የአንድ አሮጌ ሕንፃ ጣሪያ ነው፤ ወጣቱ በመርማሪው ክንድ ላይ እንደተኛ "ለእናቴ ንገራት... ግዴታዬን ተወጥቻለሁ በላት" ይልና አንገቱን ይደፋል። ፉንግ ገጹን አነበበው። አጠፈው፤ እንደገና ዘረጋው።

"ይሄን ማን ጻፈው?"

"ደራሲዎቹ ናቸዋ።"

"ከየት አምጥተው?"

"ከየትም። የሌለበት ፊልም አለ እንዴ?"

ፊቱ አመድ መሰለ። እስከ ደረጃው ሄዶ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። መርማሪውን የሚጫወተው ኦው ካይ-ፑይ ተከተለው። ኦው ስሙ የገነነ ተዋናይ ነው፤ እኔ እንደማውቀው ማንንም ጠይቆ አያውቅም። ያን ቀን ግን ጠየቀ።

"ፉንግ ሰር፣ የእውነት ሲሆን ሰው ምን ያደርጋል?"

ፉንግ የለኮሰውን ሲጋራ ረገጠው። ከዚያ ሳያቋርጥ ተናገረው። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ሻም ሹይ ፖ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አ-ቾይ ከሚሉት ባልደረባው ከዮንግ ማን-ቾይ ጋር ጥበቃ ላይ ሳሉ የአንድ ሕንፃ ደረጃ ይወጣሉ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሰርቆ ከሚሮጥ ሰው ጋር ፊት ለፊት ይጋጫሉ። ሰውየው ቢላ ይዟል። አ-ቾይን ወግቶ ያመልጣል።

"ሬዲዮውን ያዝኩ" አለ ፉንግ። "'የት ናችሁ?' አሉኝ። የመንገዱ ስም ጠፋኝ። በየቀኑ የምዞርበት መንገድ! ሰባት ደቂቃ ሙሉ 'ደረጃው ላይ ነን፣ ደረጃው ላይ ነን' ብቻ ነበር የምለው። ሬዲዮው ከእጄ ወድቆ አነሳሁት።"

ኦው ወደ ቻም ሄዶ እንደዚያ አድርጌ ልጫወተው አለ። ቻም ተነጫነጨ፤ ፀሐይ እየሄደች ነው፣ አንዴ ብቻ፣ አለ። ኦው ጣሪያው ላይ ተንበረከከ። ሬዲዮውን አወጣ፣ ጣለው፣ አነሳው። ተጣርተው "የት ናችሁ?" ሲሉት አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ሰዓት መያዝ ሥራዬ ሆኖ ሳለ ሰዓቱን ማስነሳት ረሳሁ። ቻም "በቃ" ሲል እንኳ ሰው ሁሉ በቆመበት ቆመ። ፉንግ ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ጎዳናው ቁልቁል ያይ ነበር።

ፊልሙ ለእይታ በበቃ በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ከሰዓት፣ ሞንግ ኮክ ባለ ሲኒማ ቤት እኔና ፉንግ አብረን ገባን። አዳራሹ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ነበር። ትዕይንቱ ሲደርስ ያ ቀረጻ የለም። ገንዘብ ያወጡት ሰዎች ጀግና እንዲህ አይርበደበድም ብለው እኛ በሌለንበት ሌላ አስቀርጸዋል። ኦው ሰማይ ሰማይ እያየ ያገሳል፣ ቫዮሊን ያለቅሳል፣ ወጣቱም "ለእናቴ ንገራት" ይላል። ከኋላችን አንዲት ሴት ብስኩት ትበላ ነበር፤ ላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። ፉንግ ተነስቶ ወጣ።

ውጭ ደረስኩበት። "ያንን ቃል የፈጠርኩት እኔ ነኝ" አለኝ።

"የቱን?"

"ግዴታዬን ተወጥቻለሁ። አ-ቾይ እንደዚያ አላለም። በቀብሩ ቀን እናቱ እጄን ይዛ 'ልጄ ምን አለ?' ስትለኝ፣ በዚያ ሰሞን ያየሁት ፊልም አፌ ላይ መጣ። መቃብሩ ላይ አስቀረጹት። ድንጋይ ላይ!"

መራመድ ጀመረ። ብቻውን ልተወው ስላልደፈርኩ ተከተልኩት። በሰው መሃል እየተጋፋን እስከ ሻም ሹይ ፖ በእግራችን ሄድን። ሁለት ጊዜ ቆሞ ፊቱን መለሰ፤ ሁለቴም እንደገና ዞሮ ቀጠለ። የአ-ቾይ እናት ሞታለች። ታላቅ እህቱ ሱክ-ዪ እዚያ የልብስ ቁልፍና የዚፕ ሱቅ አላት። ስንገባ የሸሚዝ ቁልፎች በቀለም በቀለም እየለየች ነበር። ፉንግ ቆሞ ሁሉንም ነገራት። እሷም ቀና ሳትል ቁልፎቿን መለየት ቀጠለች።

"ስንት ደቂቃ?"

"ሰባት፣ እትዬ።"

"ሐኪሙስ ምን አለ?"

"ቶሎ ቢደርስም ላይተርፍ ይችል ነበር አለ። ይችል ነበር ነው ያለው።"

"እሺ፣ ወንድሜስ ምን አለ? እውነቱን።"

"'ጫማዬ ወለቀ፣ አድርግልኝ፣ ሰው ያየኛል' አለ።"

የሱክ-ዪ እጅ ቆመ። "ካልሲው ተቀዶ ነበር" አለች። "ጠዋት አሳይቶኝ ነበር። ማታ እሰፋልሃለሁ አልኩት።" ከንፈሯ ሊስቅ ዳዳውና ተመለሰ። "አደረግህለት?"

"አደረግሁለት።"

"ውጣ።"

"እትዬ..."

"ውጣ አልኩህ! እናቴ ያንተን ፊልም ለጎረቤት ስታወራ ነው የሞተችው!" ቁልፎቹን ከነሣጥኑ ገፋቻቸው፤ መሬት ላይ ተበተኑ። ፉንግ ሊለቅም ጎንበስ አለ። "አትንካው!" አለችው። ወጣን።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት ለፉንግ መጥፎ ነበሩ። ደውሎልኝ ምንም ሳይናገር ይዘጋል። ቻም ለሁለተኛው ክፍል ና ቢለው እንቢ አለ፤ ቻም ምክንያቱ እስከ ዛሬ አልገባውም። በመከር፣ ሰው ሁሉ የሙታኑን መቃብር ሊጠይቅ ተራራ በሚወጣበት ሰሞን፣ ሱክ-ዪ ደወለችለት። የሆነውን ኋላ የነገረኝ እሱ ነው።

"ቅዳሜ ወደ አ-ቾይ እሄዳለሁ። ጉልበቴ ደክሟል፤ ጥብሱንና ውሃውን የሚሸከምልኝ ሰው ቸግሮኛል። ይቅር ብዬህ እንዳይመስልህ።"

"አይመስለኝም።"

ወጡ። እሷ ዣንጥላ ይዛ ከፊት፣ እሱ በሁለት እጁ ተሸክሞ ከኋላ። ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ ጽሑፉን አስፍቂው አላት። እሷ ሣሩን መንቀል ቀጠለች። በኋላ "እናቴ ስትዳብሰው የኖረች ጽሑፍ ነው፤ አይነካም" አለች። የአሳማውን ጥብስ ለሟቹ አቀረበች፣ ጧፍ ለኮሰች፣ ውሃውን በድንጋዩ ላይ አፈሰሰች።

"አሁን ንገረኝ" አለችው። "ከደረጃው በር ጀምር። ማን ነበር ከፊት የሚወጣው?"

"እሱ።"

"ምን ያወራ ነበር?"

"ገንዘብ ስላስያዘበት የፈረስ ውድድር።"

"ውሸት! አ-ቾይ ፈረስ አይወድም ነበር።"

"በእውነት እልሻለሁ፣ እትዬ። ከአንቺ ይደብቅ ነበር።"

ሱክ-ዪ ዣንጥላዋን ዘግታ አፈጠጠችበት።

"ቀጥል" አለች።