ጾም ላይ የወደቀው ላብራቶሪ

ሰቆጣ በተማርሁበት ኮሌጅ የኬሚስትሪው ትምህርት በመጀመሪያው መንፈቅ፣ ላብራቶሪው በሁለተኛው ነበር የሚሰጠን። ለምን ሲባል ዕቃው አልተሟላም ይሉናል። በሁለተኛውም አልተሟላም። ፒፔት የሚባለውን፣ ፈሳሽ ተስቦ የሚለካበትን ቀጭን የመስታወት ቱቦ ሳንነካው ሥዕሉን እንሥላለን፤ በአፍ ስትስቡ ጫፉ ከፈሳሹ አይውጣ የሚለውን እንደ ጸሎት በቃላችን ይዘነዋል።

እዚያው ሰቆጣ አቅራቢያ ካለችው ዝቋላ የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች፤ ቤት ተከራይተን አብረን ነበር የምንኖር። ወንድሟ ከቤት እንደ ወጣ ወሬው ጠፍቷል። ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ በሰላም እንዲመለስላት ተሳለች፤ እስከ ፋሲካ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ውኃ እንኳ በአፏ ላይዞር።

የላብራቶሪው ፈተና ደግሞ ጠዋት ሆነ። የምንለካው አቼቶ ነው፤ መሳቢያ ጎማ ስለሌለ በአፍ መሳብ ግድ ነው። መምህሩን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንዲያደርጉላት ለመነቻቸው። ከሰዓት የሌላ ክፍል ተራ ነው አሏት። እኔ ልሳብላት ብልም፣ እያንዳንዱ በራሱ ነው ተባለ። ከወደቀች እስከ ከርሞ ላብራቶሪ የለም፤ ቤተሰቦቿም ሌላ ዓመት ሊያቆዩዋት አይችሉም። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

«ቀስ ብለሽ ሳቢው፤ አፍሽ ድረስ አይመጣም» አሏት መምህሩ። ክፋት አልነበረባቸውም።

ሳበች። ደንቡን አንዲት ቃል ሳትስት በቃሏ የምትወጣው ልጅ፣ ብርጭቆው ሲጎድል ጫፉ ብቅ ማለቱን አላየችም። እጇ አልለመደማ። አየር ገባና አቼቶው ሽቅብ ወጥቶ አፏን ሞላው፤ ደንግጣ ዋጠችው። አፏን በነጠላዋ ጠርጋ ሥራውን ጨረሰች። ፈተናውን አለፈች።

እኔን ዛሬም የሚያበግነኝ ይህ ነው። ትምህርቱና ላብራቶሪው ጥቅምት ላይ አንድ ላይ ቢሰጡን፣ ጾሙም ስለቱም ገና አልደረሱም ነበር፤ እጇም በለመደ ነበር። ያንን ፕሮግራም ያወጣውን ሰው ባገኘው የምለውን እኔ አውቃለሁ።

ሆሳዕና ሳይደርስ ከዝቋላ ሽማግሌዎች ማለዳ መጡ። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ በር ሲያንኳኳ ለምን እንደሆነ ማንም ያውቀዋል። አላለቀሰችም። «እኔ ነኝ የገደልሁት» አለች። ምን ቢሏት ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣትም።

አንዱን ሽማግሌ ወደ ውጭ ጠርቼ መቼ እንደ ሞተ ጠየቅኋቸው። ከገና በፊት ነው፣ መርዶው ነው የዘገየ አሉኝ። የሚያጽናናት መስሎኝ እየሮጥሁ ገባሁና ነገርኋት። ስለቱን ስትሳይ ቀድሞ ሞቶ ነበር፣ አቼቶው ምንም አላደረገውም አልኋት።



«ታዲያ ለማን ስጾም ነበር?» አለችኝ።

የዚያኑ ቀን ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄደች። ኮሌጁን ዳግመኛ አልረገጠችውም።