የአዋሽ ዳር ችካሎች

ጅብ ውኃ ገብቶ ዓሣ ያወጣል ብዬ የነገርኩት ሰው ሁሉ ስቆብኛል። ይሳቅ። እኔም ብሆን ያን ዓመት ሌባዬ ሰው ነው ብዬ ነበር የማምነው። የትኛው ሰው እንደሆነም አውቃለሁ እል ነበር።

የምኖረው ሰበታ ነበር፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ። አዲስ አበባ ያደግኩበት ሰፈር ሲፈርስ ነው ወደዚያ የወጣሁት። ሥራዬ ዓሣ ማጥመድ ነው። ከከተማው በታች አዋሽ ሜዳው ላይ ሲጠማዘዝ አንዳንድ ቦታ ጠለቅ ይላል፤ ጢማሙ ዓሣ፣ አምባዛ፣ እዚያ ጭቃ ውስጥ ይተኛል። ወንዙ ዳር ሁለት ችካል አራርቄ እተክላለሁ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ገመድ እወጥራለሁ፣ ከገመዱ ላይ መንጠቆዎቹን ወደ ውኃው እለቃለሁ። አመሻሽ ላይ ዘርግቼ ጠዋት አነሳለሁ።

ውኃው ጋ ለመድረስ የአንድ ሽማግሌ ማሳ መሻገር ግድ ነው። በሌላ በኩል ገደል ነው። ሰፈሩ ኦቦ ይላቸዋል፣ አቶ እንደማለት፣ እኔም ኦቦ እላቸው ነበር። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን «ጤፌን ሳትረግጥ በጠርዙ እለፍ» ብለው ፈቀዱልኝ። እንጀራዬ ያቺ ፈቃድ ነበረች። እሷ ከቀረች ዓሣ የለም፣ ዓሣ ከሌለ የቤት ኪራይ የለም።

የገና ጾም ገባ፤ ዓሣ ተፈላጊ ሆነ። በዚያው ሰሞን የማስተር ፕላኑ ነገር ተነሣ። አዲስ አበባ ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን ልትውጥ ነው ተባለ። ተማሪው ወጣ፣ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ጥይት ተሰማ። ሰው ሰላምታ ሲሰጥህ ፊትህን ሳይሆን እጅህን ነው የሚያየው፣ ምን ይዘህ ይሆን ብሎ። ቀያሾች የተከሏቸው ችካሎች እየተነቀሉ ቦይ ውስጥ ተጣሉ።

እኔ አገኘኋቸው። ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ፣ ጫፉ የሾለ። ማን እንደተከላቸውም ለምን እንደተነቀሉም አላጣሁትም። እንጨት እንጨት ነው አልኩና አራቱን ተሸክሜ ሄድኩ። አናታቸው ላይ ያለውን ቀይ ቀለም በቢላ ፋቅኩት። ጎናቸው ላይ በጥቁር የተጻፈ ነገር ነበረበት፤ እሱን ተውኩት። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ፣ ማታ ማታ፣ የልጅ ልጅ ካላቸው ሴቶች ጋር ተቀምጬ ነው። በዚያን ጊዜ ለእኔ ጽሕፈትና ጥላሸት አንድ ነበሩ።

አዲሶቹን ችካሎች በተከልኩ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ብሄድ ገመዱ ተበጥሷል፣ አንዱ ችካል የለም፣ አሸዋው ላይ የአምባዛ ራስ ብቻ ቀርቷል። በማግሥቱም እንዲሁ። ዳሩን ከብት ስለረገጠው ዱካ አይለይም። ስመለስ ሽማግሌው ማሳቸው ጠርዝ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«አካም ቡልቴ?» አሉኝ፣ እንዴት አደርክ ለማለት።

«ነጋ፣ ደኅና ነኝ ኦቦ። እርስዎስ እንዴት አደሩ?»

«ደኅና። ዓሣው እንዴት ነው?»

«እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ።»

«እኔ ዓሣ አልበላም። እባብ ነው እሱ። ያ ገመድ ለምንድን ነው?»

«ለዓሣ ነዋ።»

«ዓሣ ደግሞ በሜትር ይለካል እንዴ?»

ዓይናቸው እጄ ላይ ነበር። የማይበላ ሰው ስለ ዓሣ ምን ያስጠይቀዋል ብዬ ተጠራጠርኳቸው። ሌባ ነው የሚጠይቀው።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ ዘርግቼ ስመለስ አንድ ጅብ አጀበኝ። ከጎኔ፣ ማሳ ለማሳ፣ እኔ ስቆም እየቆመ፣ ስሄድ እየሄደ። ወደ አስፋልቱ ስቃረብ ተወኝ። ሮጬ ቤቴ ገባሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ያኔውኑ ነገሩ በገባው ነበር። እኔ ግን ጅቡን ረስቼ ስለ ሽማግሌው ሳስብ አደርኩ።

ጎሕ ሲቀድ ዱላ ይዤ ወረድኩና ቄጠማ ውስጥ ተኛሁ። ጉም ነበር። ብርሃኑ እየሰፋ ሲመጣ ማዶ ካለው ቄጠማ ውስጥ ነጭ ነገር ታየኝ። ጋቢ ነው። ሽማግሌው እንደ እኔው በደረታቸው ተኝተዋል። ያዝኩህ! አልኩ በሆዴ።

ያኔ ነው ጅቡ በወንዙ ዳር የመጣው። ሳይቸኩል እስከ ደረቱ ውኃ ገባ። ገመዱን ነክሶ ጎተተ፤ አምባዛው ተንፈራገጠ፤ ችካሉ ተነቅሎ ተከተለው። ይዞት የወጣው በእኔ በኩል ነው። በመካከላችን አንድ ክንድ ያህል ቢቀር ነው። አገጩ ላይ የሚንጠባጠበው ውኃ እጄ ላይ አረፈ። ትንፋሹ የበሰበሰ ቆዳ ይሸታል። ዱላው እጄ ላይ ነበር፣ ግን እጄ የእኔ አልነበረም። ሽንቴ አመለጠኝ፤ ምን ያስዋሸኛል።

«ዋራቤሳ! ዋራቤሳ!»

ሽማግሌው ጦር ይዘው፣ ጅብ ጅብ እያሉ በኦሮምኛ እየጮኹ ብድግ አሉ። ጅቡ እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ፣ ዓሣውን አንጠልጥሎ ሄደ።

ውኃው ጎደል ባለበት ተሻግረው መጡ። ተርፈሃል ወይ አላሉኝም። ከጋቢያቸው ሥር ችካል አወጡ።

«ይቺን ትናንት እኔ ነኝ የነቀልኳት። ልጄ አነበበችልኝ፤ ቁጥር አለባት። ማን ላከህ?»

«ማንም። ቦይ ውስጥ ተጥሎ ነው ያገኘሁት።»

«ቀዩን ማን ፋቀው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«እንዳልጠረጠር ብዬ።»

«ጽሑፉንስ ለምን ተውከው?»

«ማንበብ አልችልም፣ አባባ።»

ሳቁ። «የአዲስ አበባ ሰው ማንበብ አልችልም ይበለኝ! ጅብ እኮ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ።»

«ማርያምን! ደግሞስ ጅቡ ችካሌን ሲነቅለው በዓይንዎ አይተዋል!»

«አይቻለሁ። ጅቡ የመጣው ለዓሣ ነው። አንተ ለምን እንደመጣህ ነው ያላየሁት።»

ነገሩን ያበረድኩ መስሎኝ፣ «እኔም እኮ ዓሣዬን የሚሰርቁት እርስዎ ይመስሉኝ ነበር፤ ለእሱ ነው የተኛሁት» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። ቀያሽ የላከው ሰው ብሆን እንኳ ሊያልፉልኝ ይችሉ ነበር መሰለኝ። ይሄን ግን አላለፉልኝም።

«በገዛ መሬቴ ላይ፣ እኔን? ሌባ?»

«ኦቦ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ አሁን እኮ አወቅኩ…»

«ገመድህን ሰብስብ። ከዛሬ ወዲያ በማሳዬ አታልፍም።»

ሰበሰብኩ። እስከ አስፋልቱ ድረስ ጦሩን በእጃቸው ይዘው ከኋላዬ መጡ። ጅቡ እንዳይመለስብኝ ይሁን እኔ እንዳልመለስ፣ ዞሬ አልጠየቅኳቸውም።

በማግሥቱ በገደሉ በኩል ልወርድ ሞከርኩ። መንገድ የለውም። ጾሙ ሳይፈታ መንጠቆዎቼን ሸጥኩና ቡራዩ ብሎኬት የሚመቱበት ግቢ ተቀጠርኩ።