ሦስት ቋጠሮ በዐፊፋ ክር

በዶሮ ማነቂያ ሰፈር የሰው ጉድ መጀመሪያ የሚሰማው ከዐፊፋ ጉልበት ሥር ነው። ሹሩባ ልትሠራ የመጣች ሴት ጭንቅላቷን ለዐፊፋ፣ ምላሷን ለሰፈሩ ትሰጣለች። እኔም ያደግሁት እዚያው ደጃፍ ላይ ነውና ወሬው አላመለጠኝም።

ዐፊፋ ከወሎ የመጣች ናት፤ ፊደል ባትቆጥርም ጣቷ ያነባል። አንድ ቅዳሜ የጎረቤቷን የየሺዓለምን ልጅ፣ የሰባት ዓመቷን ሰርክአዲስን ስትሠራ ከመንጋጋዋ ሥር ንፍፊት ዳሰሰች። የልጅ ራስ ሲቆስል ንፍፊት እንደሚወጣ፣ ቁስሉ ሲድን እንደሚጠፋ ታውቃለች። የሰርክአዲስ ራስ ግን ቅማል እንኳ የሚያርፍበት አጥቶ የተሰደደበት ንጹሕ ራስ ነው። ነገሩ አላማራትም። ጥቁር ክር መዝዛ እብጠቱን ከዳር እስከ ዳር ለካችና ቋጠረች። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሹሩባው ሲፈታ ደግማ ለካች። ሦስተኛው ቋጠሮ ከመጀመሪያው በጣት ስፋት ራቀ።

ሰፈሩ ግን ቀድሞ ፈርዶ ነበር፤ አጥብቃ ጎንጉና ያሳበጠቻት እሷ ናት ተባለ። ደንበኞቿ ሸሹ፤ አንዷ የገዛ አክስቴ ነች። የሺዓለምም ወጌሻ ጠርታ ንፍፊቱን በጋለ ብረት ልታስተኩስ ተነሣች። ብረቱ ፍሙ ውስጥ ሳለ ዐፊፋ ደረሰች።

«የሺ፣ ያጠፋው የኔ እጅ ከሆነ ሐኪም ይናገር። ነገ አብረን እንውሰዳት። የብረት ጠባሳ እኮ ስትዳርም አብሯት ይሄዳል።»

የሺዓለም ልጇን አየት አድርጋ ወጌሻውን አሰናበተችው።

በማግሥቱ ሐኪም ቤት ወሰዷት፤ እዚያ ያለው ፈረንጅ ሐኪም እብጠቱ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ በአስተርጓሚ ጠየቀ። እናት ሰሞኑን ነው አለች። ዐፊፋ ከነጠላዋ ጫፍ ክሩን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አስተርጓሚው ሊስቅ ሲል የሐኪሙን ፊት አይቶ ተወው። ሐኪሙ ቋጠሮዎቹን ከልጅቷ አንገት ጋር አስተያየ፣ ደረቷን አዳመጠ፣ አፏን አስከፈተ። ከንፍፊቱ በላይ አንድ መንጋጋ ጥርስ በስብሷል። ሰርክአዲስ ለካ ጥንቅሽ እንዳይከለክሏት ሕመሙን ደብቃ ኖሯል።

«የለካው ማን ነው?» አለ ሐኪሙ።

«እኔ፣ ሹሩባ ሠሪዋ።»

«ጥርሱን እነቅላለሁ። እርስዎ መለካቱን ይቀጥሉ። በወር ውስጥ ካልቀነሰ ይመልሷት፤ ያን ጊዜ ሌላ በሽታ እንፈልጋለን።»

በወሩ የእብጠቱ ልክ ከመጀመሪያው ቋጠሮም አንሶ ተገኘ። የሺዓለም ክሩን ይዛ ቤት ለቤት አሳየች። በማግሥቱ አክስቴ ከሁሉ ቀድማ ዐፊፋ ደጅ ተገኘች።

«እኔ እንደሆን አጥብቄ ነው የምሠራው» አለቻት ዐፊፋ።

አክስቴ ከዐፊፋ ጉልበት ሥር ቁጭ ብላ አንገቷን ሰጠች።